«ጦርነት የመንግሥት ነገር ነው» ለሚሉ ሰዎች የተሰጠ መልስ



ባለፈው ወር በሉማሜ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት ተሰብስበን ሳለን፥ ጸበል ጻዲቁ ቀርቦ ጠላው ሲቀዳ፥ ጨዋታው እንደ ልማዱ ከዝናቡና ከጤፉ ዋጋ ተነሥቶ ወደ ጦርነት ሄደ። በመካከላችን አንድ የተማረ የከተማ ሰው ነበረ። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ጦርነት የመንግሥት ነገር ነው። የሚጀምሩትም ባለ ሥልጣኖች ናቸው፥ የሚጨርሱትም እነርሱው ናቸው። የእኛ ድርሻ በራችንን ዘግተን ክፉውን ቀን ማሳለፍ ነው» አለ። አንድ የሸመገሉ ቄስ ግን፥ «ልጄ፥ በሩን ዘግቶ የተረፈ ማን ነው? የቤታችን ክዳን እኮ ሣር ነው» ብለው መለሱለት። ሰዉም ሣቀ፤ ነገሩም በሣቅ አለፈ።

እኔ ግን በሣቅ ሊያልፍልኝ አልቻለም። ይህን ቃል የተናገረው ሰው ፈሪ አይደለም፤ ክፉም አይደለም። ልጆቹን በላቡ የሚያሳድግ፥ ለድኻ የሚራራ፥ መጽሐፍም የሚያነብ ሰው ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ቃሉ ከክፉ ሰው አፍ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተቀበለው ነበር፤ ከደግ ሰው አፍ ስለ ወጣ ግን የብልሃት ቃል መስሎ በየቤቱ ይገባል። ስለዚህ በቃል ከመከራከር ይልቅ በዚህ ገጽ ልመልስለት መረጥሁ። እርሱም ይህን ጋዜጣ ሳያነብ የሚያድር ሰው አይደለምና ይደርሰዋል።

በመጀመሪያ፥ መንግሥታት ነገሩን ብቻቸውን በያዙት ጊዜ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከጣና እንጀምር። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ባለቤቲቱን ሳያማክሩ የኢትዮጵያን ምድር በውል ወረቀት ላይ የጥቅም ድርሻ አድርገው ተከፋፈሉት። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ በጣና ባሕር ላይ ግድብ ለመሥራት፥ ኢጣልያም ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ለመዘርጋት፥ አንዱ የሌላውን አሳብ ሊደግፍ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ጥቂት ዓመት ሆኗት ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለማኅበሩ አቤት ባሉ ጊዜ፥ ሁለቱ መንግሥታት «የኢትዮጵያን ነጻነት ለመንካት አላሰብንም» በማለት ቃላቸውን አለዘቡ። ቃል ለዘበ እንጂ አሳብ መቼ ተለወጠ? በጣና ዳር ዓሣ የሚያጠምደው ሰውና በሉማሜ ጤፍ የሚዘራው ሰው ውኃቸውና ምድራቸው በሎንዶንና በሮም ጠረጴዛ ላይ እንደ እንጀራ መቈረሱን አልሰሙም። እንግዲህ ጦርነት የሚጀምረው መድፍ ሲተኰስ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ መድፉ ሳይሰማ ከዐሥር ዓመት በፊት በቀለም ተጀምሮ ነበርና።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ኢጣልያ አጥፊ ናት ብሎ ፈረደ፤ በኅዳር ወርም የንግድና የገንዘብ ቅጣት አወጣባት። ዳሩ ግን ከቅጣቱ ውስጥ አንድ ነገር ጐደለ፤ ይኸውም ነዳጅ ዘይት ነው። ያለ ዘይት አውሮፕላን አይበርም፥ መኪናም አይሄድም፤ ይህን የማያውቅ ሚኒስትር በጄኔቫ አልነበረም። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የኢጣልያ መርከቦች የመተላለፊያውን ዋጋ እየከፈሉ፥ ወታደርና መርዝ ጭነው፥ እንደ ነጋዴ በሰላም አለፉ። በ1917 ዓ.ም. በዚያችው በጄኔቫ ከተማ የመርዝ ጋዝ በጦርነት እንዳይጣል ውል ተደርጎ ኢጣልያ ፈርማ ነበር፤ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ግን መርዙ በተከዜ ዳር ዘነበ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው አቤቱታቸውን ሊያሰሙ ሲጀምሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሹ። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ እንዲወጡ ተደረገ፤ አቤቱታውም ተሰማ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ግን ቅጣቱ ከኢጣልያ ላይ ተነሣ። ጦርነትን ለመንግሥታት የተወ ሰው ያገኘው ፍሬ ይህ ነው።

ምናልባት፥ «የፈረንጅ ሕዝብ ጦርነትን ይወድ ስለ ነበረ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፈቃደኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሕዝቡን አሳብ በወረቀት ጠየቁ፤ ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው መልሱን ሰጠ። ከእነዚህም ውስጥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጠው፥ ሌላውን አገር የሚወር መንግሥት በንግድና በገንዘብ ሊቀጣ ይገባል አለ። ይህን የሚያህል ሕዝብ በአንድ ነገር ሲስማማ ማየት ያስደንቃል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል የኢትዮጵያን ምድር ቈርሰው ለወራሪው ሊሰጡ በምስጢር መዋዋላቸው በተገለጠ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ደብዳቤ በየምክር ቤቱ አባል ደጅ ጐረፈ፤ ሚኒስትር ሆርም ሥራውን ለቀቀ። ሕዝብ ተቈጥቶ ሚኒስትር ጣለ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ስለ ምን አልተሳካም? እኔ እንደሚመስለኝ፥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሥራው ልመና ብቻ ነበረና ነው። መንግሥትን «ይህን አድርግልን» ብሎ ለመነ፤ መንግሥት እንቢ ባለ ጊዜ በገዛ እጁ የሚያደርገውን ነገር ግን አላዘጋጀም ነበር። ሚኒስትሩ በወደቀ ማግሥት ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ፤ ዘይቱም እንደ ቀድሞው ይቀዳ ነበር።

በዚያው ዘመን በደቡብ አፍሪካ በደርባን ወደብ ይሠሩ የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች ያደረጉት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። እነዚህ ሰዎች ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ አልነበራቸውም፤ ሚኒስትርም አያውቃቸውም ነበር። ነገር ግን ለኢጣልያ ወታደር የሚሄደውን ስንቅ በትከሻቸው የሚያወጡት እነርሱ ነበሩና፥ «አንጭንም» አሉ። ትከሻቸውን ነፈጉት። በኒውዮርክ በሃርለም ሰፈር በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ብዙ ሺሕ ጥቁሮች ስለ ኢትዮጵያ በአደባባይ ተሰለፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሐኪሙ መላኩ በያን በዚያው ከተማ ማኅበር አቋቁሞ እርዳታ እየሰበሰበ፥ ወሬውም እንዳይጠፋ እየጻፈ፥ እስኪሞት ድረስ ደከመ። በሎንዶንም ሲልቪያ ፓንክኸርስት የምትባል ሴት፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ቀን በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረች፤ ሃያ ዓመት ሙሉም አላቋረጠችም። ታላላቆቹ ጋዜጦች ኢትዮጵያን «ያለፈ ነገር» ባሏት ጊዜ ይህች ሴት በየሳምንቱ «አላለፈም» ትል ነበር። ሳምንታዊ ጋዜጣ ምን ይጠቅማል ለሚለን ወዳጃችን ይህንን ማስታወስ አይከፋም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ጎጃም በወረራው የመጀመሪያ ዘመን ከሌላው አገር ይልቅ ጸጥ ብሎ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባንም። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሹመታቸው ከተሻሩ በኋላ በአዲስ አበባው መንግሥት ላይ የቀረ ቅሬታ ነበረ፤ ጠላትም ይህን ቅሬታ እንደ በር አድርጎ ገባበት። የታላላቆቹ ቤት ለጠላት አደረ፤ ራስ ኃይሉም ከወራሪው ጋር ሆኑ። ነገር ግን በ1930 ዓ.ም. «መሣሪያህን ፍታ» የሚል ትእዛዝ በየመንደሩ በደረሰ ጊዜ፥ የድኻውም ክብር በተደፈረ ጊዜ፥ አገሩ ተነሣ። በቡሬ በኩል ነጋሽ በዛብህ፥ ከዚያም ወደ ሰሜን መንገሻ ጀምበሬ፥ በሞጣ በኩል ኃይሉ በለው፥ በእኛው ጎረቤት በብቸና ምድር በላይ ዘለቀ ቆሙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የመሳፍንት ልጆች ናቸው፤ በላይ ግን በትውልድ ሹመት ያልመጣ፥ በረኸኛ የነበረ፥ በሰው ፍቅርና በገዛ ክንዱ የተሾመ ሰው ነው።

ስለ ጦር አዛዦቹ ብዙ ተዘፍኗልና እኔ አልጨምርበትም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ አርበኞች ሦስት ዓመት ሙሉ ምን በሉ? ሲቈስሉ የት ተኙ? ጠላት በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ማን ነገራቸው? ደመወዝ የሚከፍል ግምጃ ቤት አልነበራቸውም፤ ጥይት የሚልክ መንግሥትም በመጀመሪያው አልነበራቸውም። የበሉት የገበሬውን ሽሮ ነው። የተኙትም በገበሬው ጐተራ ጀርባ ነው። መልእክቱም በገበያ ቀን በጨው ጭነት መካከል ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። ሴቶቹ ስንቁን በሌሊት ተሸከሙ። በአዲስ አበባም እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች መድኃኒትና ወሬ እያወጡ ይልኩ ነበር፤ ሸዋረገድም ስለዚህ ታሰረች፥ ተገረፈችም። እንግዲህ ወራሪውን ያቃተው የመሪዎቹ ጦር ብቻ አልነበረም፤ ለወራሪው እህሉንና አንደበቱን የከለከለው፥ ለአርበኛው ግን የሰጠው ሕዝብ ነው። መሪዎቹማ እርስ በርሳቸው ይቀናኑ ነበር፤ የነጋሽና የመንገሻ ጠብ ጠላትን ስንት ጊዜ እንዳስደሰተ የታወቀ ነው። መሪዎቹ ሲጣሉ ነገሩ እንዳይፈርስ የያዘው ከሥር ያለው ነበር።

በዚህ በጎጃም ምድር ሌላም ታሪክ አለ፤ በትምህርት ቤት ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። በ1931 ዓ.ም. ሦስት ኢጣልያውያን፥ ባሮንቲኒ፥ ሮላና ኡክማር፥ በሱዳን በኩል ተሻግረው ወደ ጎጃም አርበኞች መጡ። ፋሺስትን የሚጠሉ፥ ከአገራቸው የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ፤ ባሮንቲኒ በእስፓንያ ጦርነት ላይ ተዋግቶ ነበር። ስማቸውንም ጳውሎስ፥ ጴጥሮስና ዮሐንስ አስባሉት። ሃይማኖት የሌላቸው የሠራተኛ ወገን ሰዎች የሐዋርያትን ስም መያዛቸው ካህናቱን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ለአርበኞቹ የሽምቅ ውጊያን ብልሃት አስተማሩ፤ በአማርኛና በኢጣልያ ቋንቋም ወረቀት እያባዙ በተኑ። ጠላት የገበሬውን ቤት ከአየር በሚያቃጥልበት ዘመን ከጠላት አገር የመጣን ሰው በሣር ቤቱ አሳድሮ እንጀራ ያበላ የጎጃም ገበሬ፥ ክፉ መንግሥትንና ሕዝቡን ለይቶ ማወቅ ችሎ ነበር። ዛሬ ይህን መለየት ያቃተን የተማርን ሰዎች ብዙ ነን።

ስለ ካህናትም ልናገር፤ ይህ ገጽ የእነርሱም ነውና። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን በአንድነት ለጵጵስና ተሾሙ። ከእነርሱም አቡነ ጴጥሮስ «ሕዝቡን ገዝተህ ለኢጣልያ እንዲገዛ አድርግ» ቢባሉ እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በጎሬ በዚያው ዘመን ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ የነበሩት የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም በወራሪው ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ተብለው ተሾሙ፤ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አወገዛቸው። በኢጣልያም የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ዘመቻውን በስብከት አወደሱ። እንግዲህ መስቀሉ አንድ ሲሆን የያዙት እጆች ሁለት ዓይነት ሆኑ። ይህን የምጽፈው ሙታንን ለመክሰስ አይደለም። ጠመንጃ ይዞ መጥቶ «ባርኩልኝ» የሚል ሰው በየዘመኑ ወደ ደጀ ሰላሙ ይመጣልና ነው፤ ካህኑ አስቀድሞ ያላሰበበት እንደ ሆነ፥ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚመልስ ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣብኛል። «አርበኞችን እያመሰገንህ ጦርነትን ትነቅፋለህን? አርበኛ ተዋጊ አይደለምን?» ትሉኛላችሁ። አዎን፥ ተዋጊ ነው። ነገር ግን ደጁን የሚጠብቅ ሰውና የሰው ደጅ ሰብሮ የሚገባ ሰው ሁለቱም ዱላ ስለ ያዙ አንድ አይሆኑም። ይህን ስል ደግሞ ለእኛ ወገን ብቻ የሚመች ሚዛን መያዝ አልፈልግም። የሰውን ደጅ የሰበረ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት «የጎጃምና የካፋ ንጉሥ» ተብለው ነግሠው ነበር፤ ካፋ ከዓባይ ማዶ ምን ያህል የራቀ አገር እንደ ሆነ አስቡት። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር የተዋጉት ከዓባይ ማዶ ስላለው የቡና፥ የዝሆን ጥርስና የግብር አገር ነው። የጎጃም ገበሬ በዚያ ሜዳ አለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ። የሚከራከሩበት አገር ባለቤት ኦሮሞውና ካፈቾው ግን ለሁለቱም አልሰጠም፥ በማንም አልተጠየቀም። ሎንዶንና ሮም በጣና ላይ ያደረጉትን በቍጣ የምናነብ ሰዎች፥ አባቶቻችን በጊቤ ላይ ያደረጉትን ዓይናችንን ጨፍነን ልናልፍ አይገባንም። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን የመጣው የገዛ ንጉሠ ነገሥታችን የዮሐንስ ጦር ጎጃምን እንዴት አድርጎ እንዳጠፋው የአገሩ ሽማግሌ ከአባቱ የሰማውን ይናገራል። ወራሪነት በቆዳ ቀለም የሚታወቅ አይደለም።

ወደ ድሉ ዘመንም ስንመጣ ነገሩ መራራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገቡ፤ በመጋቢት መጨረሻም ደብረ ማርቆስ ደረሱ። አርበኛው ያረሰውን ሌላ ሰው አጨደው። ለጠላት ያደሩ ብዙዎች ሹመት ሲያገኙ፥ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ጥፋት ነበረበት የሚሉ አሉ፤ ነገሩን የሚመረምር ታሪክ ጸሐፊ ይመርምረው። እኔ የምለው፥ ሕዝቡ ጠላትን ለማስወጣት የነበረው አንድነት ከድሉ በኋላ የሚኖርበት ቤት አልሠራም ነበር። ማኅበሩ ከአለቆቹ ጋር ተበተነ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ግን ያ ገበሬ እንደ ገና ተነሣ፤ በሞጣ፥ በብቸና፥ በዳሞትም «ርስታችን ይወሰዳል» ብሎ እንቢ አለ። መንግሥቱም ፖሊስ ላከ፥ ጦር ላከ፥ በመጨረሻም አውሮፕላን ላከ። በ1930 ዓ.ም. ከሰማይ ቦምብ የጣለበት የሮም መንግሥት ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. ግን የገዛ ንጉሡ ነው። ከሥሩ ሆኖ ለሚያየው ሰው ቦምቡ አንድ ነው። በመጨረሻም ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቊሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፥ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የተማረው የከተማ ሰው ያን ጊዜ ከመንግሥቱም አልቆመም፥ ከገበሬውም አልቆመም፤ ቡናውን እየጠጣ «ገበሬ ምን ያውቃል» ይል ነበር።

ወደ ዘመናችንም ልድረስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ሁለት ዓመት ያህል ነድዶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ውል ተደረገ። ዓመት ሳይሞላ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት፥ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ጎጃምም ከመካከሉ ገባ። ማን ነው እውነተኛው የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣውም፤ ሁላችሁም በየልባችሁ የፈረዳችሁት ነገር አላችሁ፥ እኔም አለኝ። የምናገረው ሁለቱም ወገን በየመንደሩ መጥቶ ስለሚጠይቀው ነገር ነው። ጦርነት እህሉን ከሰማይ አያወርድም። ልጅን ይፈልጋል፥ ስንቅን ይፈልጋል፥ መንገድ መሪን ይፈልጋል፤ ከሁሉም ይልቅ ቃልን ይፈልጋል፤ ይኸውም ምርቃትን፥ ፉከራን፥ የጎረቤትን ስም ማጥፋትን ነው። እነዚህ አራቱ በማን እጅ ናቸው? በሚኒስትር እጅ ናቸውን? በእናትና በአባት፥ በገበሬ፥ በእረኛ፥ በካህንና በመምህር እጅ አይደሉምን? «ጦርነት የመንግሥት ነገር ነው» የሚለው ወዳጃችን ይህን ቢያስብ፥ ነገሩ ከመንግሥት ይልቅ የእርሱ መሆኑን ባየ ነበር።

«መሣሪያ ለያዘ ሰው እንቢ ማለት ይቻላልን?» ብትሉኝ፥ አንድ ቤት ብቻውን አይችልም። ይህን የማይቻል ነገር እንደሚቻል አድርጎ የሚመክር ሰው የድኻን ደም በከንቱ የሚያፈስ ነው። አንድ ሰው እንቢ ሲል ይገደላል፤ አንድ አጥቢያ በአንድ ቃል ሲናገር ግን ባለ ጠመንጃው ያመነታል። ምክንያቱም ነገ የሚበላውና የሚያድርበት በዚያው አጥቢያ ነው። ደግሞም እኛ ማኅበር እንድንፈጥር የሚያስተምረን ሰው ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም። ሰንበቴ አለን፥ የጽዋ ማኅበር አለን፥ ዕድር አለን፥ ደቦ አለን፥ ሽምግልና አለን። በፈረንጅ አገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚያቋቁሙት የሕዝብ ማኅበር ለእኛ ከአባቶቻችን የቀረ ቤት ነው፤ የጐደለው ሥራው ነው። ሰው ሲሞት እንቀብራለን፤ ሰው እንዳይሞት ግን አንሰበሰብም።

ስለዚህ በሰንበቴያችን ያቀረብሁት አሳብ ይህ ነው። በደብራችን አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በዚህ ጦርነት የሞተው የአጥቢያችን ሰው ሁሉ ስሙ፥ ዕድሜው፥ የእናትና የአባቱ ስም ይጻፍበት፤ በየትኛው ወገን ሆኖ እንደ ሞተ ግን አይጻፍ። ልጇ «በሌላው ወገን» ስለ ሞተባት አርባውን ሳታወጣ በቤቷ ዘግታ የምታለቅስ እናት በመካከላችን አለች፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፥ በየከተማችሁም እንዲህ ያለች እናት አለች። ዳቦዋን ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳትመጣ የከለከላት መንግሥት አይደለም፤ የእኛ ዓይን ነው። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለሙታን ብቻ አይደለም። ስሙ የተጻፈ ሰው ቍጥር አይሆንም፤ አንዱ ወገን ይህን ያህል ገደልሁ፥ ሌላውም ይህን ያህል ደመሰስሁ ሲል፥ አጥቢያው ግን «እኛ የቀበርነው እገሌን፥ የእገሌን ልጅ ነው» ለማለት ይችላል። ወሬን የሚያሸንፍ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

ከዚህም ጋር፥ ወንድ የጐደለበትን ቤት እርሻ በደቦ እንረስ፤ የጐደለው ወዴት እንደ ሄደ አንጠይቅ። ሽማግሌዎቻችንም ብቻቸውን ከሚቀመጡ ከደጀን፥ ከእነማይና ከአነደድ ሽማግሌዎች ጋር ይገናኙ፤ አንድ ወረዳ ሲታረቅ ሌላው ቢዋጋ እሳቱ ተመልሶ ይመጣልና። በውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችንም እንጻፍላቸው። በሃርለም የነበሩት ያላዩትን አገር ስለ ፍቅር ረዱ፤ የእኛ ልጆች ግን ያዩትን አገር በቍጣ ብቻ ሲያስቡት አያለሁ። በሞቀ ቤት ተቀምጦ «በርቱ፥ ወደ ኋላ አትበሉ» የሚል ሰው፥ ወደ ፊት የሚሄደው የማን ልጅ እንደ ሆነ ይንገረን። በሠርግ ላይ ስለሚደረገው ፉከራ ደግሞ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ይህን አሳብ ባቀረብሁ ጊዜ ሁሉም አልተቀበለኝም። አንዱ «መዝገቡ በክፉ ሰው እጅ ቢገባ ለቤተ ሰቡ መከራ ይሆናል» አለ። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ወገን እንዳይጻፍ፥ መዝገቡም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር በዕቃ ቤት እንዲቀመጥ ተስማማን። ሌላው «ከሃዲ ከሰማዕት ጋር በአንድ ገጽ ይጻፋልን?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም፤ መቀመጫውን ግን አልሰጠንበትም። እኒያ የሸመገሉት ቄስ፥ «የክርስትና ስሙን የሰጠነው እኛ ነን፤ ሲሞት መልሰን ብንጽፈው ማን ይከሰናል?» አሉ።

ቀጥሎ ማን ይጻፈው የሚለው ጥያቄ መጣ። ቄሱ ዓይናቸው ደክሟል። ዲያቆኑም «ስሜ ከመዝገቡ ጋር እንዳይያያዝ» ብሎ ሰጋ፤ ወጣት ነውና አልፈረድሁበትም። ያን ጊዜ አንዲት እማሆይ ከሴቶቹ መካከል ሆነው፥ «የአቶ እገሌ ጽሕፈት የታወቀ ነው፤ እርሱ ይጻፈው እንጂ» ብለው ያን የተማረ የከተማ ሰው አመለከቱት። ሁሉም ወደ እርሱ ዞረ። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፥ «እስከሚመጣው ሰንበት ልሰብበት» አለ። መዝገቡ ተገዝቷል፤ ገና ባዶ ነው።